የኋላ ፓራፋንጎ የሌለው አሮጌ ትራክተር፦ ምልክት፣ መንስኤና መፍትሄ

በአሜሪካ የበቆሎ ምድር፣ በተለይም በአዮዋና በኢሊኖይ፣ ከ1950 በፊት የተሠራ የእርሻ ትራክተር የሚገዛ ሰው የኋላ ጎማዎቹን ያለ ጭቃ መከላከያ ቢያገኛቸው ሊገርመው አይገባም (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ላሜራ ከመቁረጡ ወይም ያገለገለ ፓራፋንጎ ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት ግን ዕቃው ቀድሞውንም ያልነበረ፣ ለሥራ ሲባል የተፈታ ወይም ተበላሽቶ የተጣለ መሆኑን መለየት አለበት፤ መፍትሄው እንደ መንስኤው ይለያያልና።

ምልክት፦ ፓራፋንጎ በጭራሽ የለም

መጀመሪያ የትራክተሩን ዓይነት ይመልከቱ። ከ1923 እስከ 1953 የተመረተው የጆን ዲር ኩባንያ ሞዴል፣ ጆን ዲር ዲ፣ በስንዴ ሜዳ አቧራ ውስጥ እንዲሠራ የታሰበ፣ የጎማዎቹ ስፋት የማይቀያየር ትራክተር ስለነበር ሰፊ ፓራፋንጎ ነበረው፤ በእርሱ ላይ ከጠፋ በእርግጥ የጎደለ ዕቃ አለ ማለት ነው። በ1934 ገበያ ላይ የዋለው ጆን ዲር ኤ እና ተከታዩ ቢ ግን በመስመር ለተዘራ ሰብል የተሠሩ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ፓራፋንጎ የሚገጠመው ገዢው ተጨማሪ ከከፈለ ብቻ ነበር። የእህል ዋጋ በወደቀበት በ1930ዎቹ ደግሞ ማረሻ ለማይጎትት ላሜራ ገንዘብ ማውጣት ለብዙ ገበሬ ቅንጦት ነበር።

ፓራፋንጎው ያልነበረ ወይም የተፈታ መሆኑን ለመለየት የአክስሉን ቤት በሽቦ ብሩሽ ጠርገው የብሎን ቀዳዳዎቹን ይመርምሩ። ቀዳዳዎቹ በቆየ ቀለምና በግራሶ ከተደፈኑና ጥርሳቸው ካልተነካ ብሎን ገብቶባቸው ላያውቅ ይችላል። የተሰበረ ብሎን ቅሪት፣ ያለቀ ጥርስ ወይም የመያዣው ቅርጽ በቀለሙ ላይ ቀርቶ ከታየ ግን ፓራፋንጎው ነበረ፣ ተፈቷል።

ለምን ተፈታ ለሚለው፣ በበቆሎ አገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው በትራክተሩ ላይ የሚጫነው የበቆሎ መልቀሚያ ነው። ይህ መሣሪያ ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ የሚለቅም ሲሆን አካሉ ትራክተሩን ከግራና ከቀኝ አቅፎ በኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ያልፋል፤ ለፓራፋንጎ የሚተርፍ ቦታ ስለሌለ በመኸር ወቅት ይፈታና ከጎተራው ጀርባ ይቀመጣል። መልቀሚያው ሲወርድ መልሶ መግጠም ሥራ ነው፤ ብሎኑ ዝጓል፣ ላሜራው ተጣሟል፣ የሚቀጥለው መኸርም ሩቅ አይደለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዕቃው በዚያው ይቀራል። መልቀሚያ የማይጭኑ ከሆነ ዛሬ እርቃኑን የሚተውበት ምክንያት አይታየኝም። የዚያኑ ሞዴል ያገለገለ ፓራፋንጎ ከነመያዣው ይፈልጉ፤ መያዣ የሌለው ርካሽ ላሜራ መጨረሻ ላይ ከውዱ ይበልጥ ያስወጣል።

ምልክት፦ ጭቃ እየተጠቀጠቀ ጎማውን ይይዛል

እርጥብ ማሳ ላይ ጭቃና የበቆሎ አገዳ በጎማውና በላሜራው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማው ሲታሽ፣ አንዳንዴም ላሜራው ሲቀደድ ይታያል። ብዙ ገበሬ ተማርሮ ፓራፋንጎውን አውልቆ የጣለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የክፍተቱ ማነስ ነው። ጎማው ወደ ውስጥ ተጠግቶ ታስሮ ይሆናል፣ ወይም ከቀድሞው የሚሰፋ ጎማ ተገጥሞ ይሆናል፤ ለምሳሌ ድሮ 11-38 ይባል የነበረው ጎማ የዛሬ አቻው 12.4-38 ሲሆን በእርሱ ፈንታ 13.6-38 የገጠመ ሰው ክፍተቱን አጥብቧል። በኤ እና ቢ ላይ የጎማው እምብርት ጥርስ ባለው ረጅም አክስል ላይ ስለሚንሸራተት፣ የፊት ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል አግደው፣ ትራክተሩን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፈው፣ ማጥበቂያ ብሎኖቹን አላልተው ሁለቱንም ጎማዎች እኩል ወደ ውጭ ያውጡ።

ምልክት፦ ፓራፋንጎው በመያዣው ዙሪያ ይሰነጠቃል

መንስኤው ንዝረትና በላዩ የሚቀመጥ ሰው ነው። የስንጥቁን ጫፍ በትንሽ መሰርሰሪያ ይብሱት፣ ከውስጥ ማጠናከሪያ ላሜራ ይበይዱ፣ ሰፊ ሮንዴላም ይጠቀሙ። ሰው ማሳፈሩ ካልቆመ ብየዳው አይቆይም፤ ከዚያ የወደቀ ሰው ደግሞ የሚያርፈው ከኋላ ጎማው ፊት ነው።

ምልክት፦ ነጂው ለጎማው ቅርብ ነው፣ የትራክተሩም ፊት ይነሳል

እነዚህ ሁለት አደጋዎች ይምታታሉ። በጆን ዲር ኤ ላይ ፍሪሲዮኑ በእጅ የሚሠራ በመሆኑ ነጂው ቆሞ መንዳት ይችላል፤ ቢንገዳገድ በእርሱና በሚሽከረከረው ጎማ መካከል ያለው ፓራፋንጎው ብቻ ነው። መልሶ ለመግጠም ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት የለም።

መገልበጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ1917 ማምረት የተጀመረው ፎርድሰን ማረሻው ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲይዘው ፊቱን አንስቶ ወደ ኋላ በመገልበጥ የታወቀ ስለነበር፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ ኋላ የተራዘመ ፓራፋንጎ ቀረበለት፤ ትራክተሩ ሲነሳ ጫፉ መሬት ነክቶ እንዲያግደው ታስቦ ነው። ተራ ፓራፋንጎ ይህን አያደርግም። መፍትሄው ጭነትን ከአክስሉ ዝቅ ባለው የመጎተቻ ዘንግ ላይ ብቻ ማሰር፣ ለሞዴሉ የተሠራ የመገልበጫ መከላከያ ብረት ከተገኘም እርሱን ከመቀመጫ ቀበቶ ጋር መግጠም ነው፤ ብረቱ በሌለበት ቀበቶ መታሰር የለበትም። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ይህን ብረት የሚያስገድደው ከጥቅምት 25 ቀን 1976 በኋላ በተሠሩና ተቀጣሪ በሚነዳቸው ትራክተሮች ላይ ስለሆነ፣ የአሮጌው ትራክተር ባለቤት ውሳኔውን ራሱ መወሰን አለበት።

ከተገጠመ በኋላ በፓራፋንጎው ላይ ያለው መብራት አልበራ ካለ፣ አዲሱ ቀለም የኤሌክትሪኩን የመሬት ግንኙነት ዘግቶት ይሆናልና በብሎኑ ሥር ያለውን ቀለም ፍቀው ያጥብቁት።