የኢንዲ ፖፕ አልበምን አቀባበል ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የኢንዲ ፖፕ (ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠራ ፖፕ) ባንድ አዲስ አልበም ባወጣ ቁጥር ለእርማት የሚደርሱኝ የአቀባበል ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ይጀምራሉ። «አልበሙ ከ100 74 ነጥብ አግኝቷል፤ በመሆኑም በሐያስያን ዘንድ በጎ አቀባበል ገጥሞታል» ይላሉ፤ ጸሐፊውም በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሥራውን ያጠናቀቀ ይመስለዋል። በአርታኢነት ዘመኔ ትዕግሥቴን የዚህን ያህል የተፈታተነ ስህተት የለም። አምስት ሐያስያን ለአንድ አልበም 90፣ 85፣ 80፣ 60 እና 55 ቢሰጡት አማካዩ 74 ነው፤ ሌላውን አልበም 76፣ 75፣ 74፣ 73 እና 72 ቢሰጡትም አማካዩ ያው 74 ነው። የመጀመሪያው ሐያስያንን ለሁለት የከፈለና ሊጻፍለት የሚገባ ክርክር ያስነሣ ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሁሉም «ደህና ነው» ብለው ያለፉት ነው። ቁጥሩን ብቻ የያዘ ጸሐፊ ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያቸዋል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቅም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሐያስያንን ነጥብ የሚያሰባስበው ድረ ገጽ ሜታክሪቲክ በኮከብም፣ በፊደልም፣ ከ10ም የተሰጠውን ውጤት ወደ 100 ይለውጣል፤ ነጥብ ላልሰጠ ሐያሲ ደግሞ የድረ ገጹ ሠራተኞች ጽሑፉን አንብበው በግምት ነጥብ ይሰጣሉ። ለአንዳንድ ጋዜጦችና መጽሔቶች ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ይሰጣል፤ አማካይ ለማውጣትም 4 ግምገማዎች ይበቁታል። አነስተኛ አሳታሚ ያወጣው የኢንዲ ፖፕ አልበም ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ ግምገማ ላያገኝ ስለሚችል፣ አንድ የተቆጣ ሐያሲ ብቻውን ውጤቱን ሊያወርደው ይችላል። ነጥቡ ይጠቀስ፣ ከስንት ግምገማ እንደተገኘም አብሮ ይነገር፤ ነገር ግን ማን የትኛውን ዘፈን በምን ምክንያት እንደወደደ ወይም እንደነቀፈ ካልተጻፈ አቀባበሉ አልተጻፈም።

«ብዙ ሐያስያን» የሚለውን አነጋገር በተመለከተ ሌሎችን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። ጀማሪ ሳለሁ ስለ አንድ ባንድ ሦስተኛ አልበም ስጽፍ «ብዙ ሐያስያን ባንዱ ራሱን ደግሟል ብለዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። አርታኢዬ በእርሳስ አስምራበት በኅዳጉ ላይ «ስንት?» ብላ ብቻ መለሰችልኝ። ቆጠርኩ፤ አንድ ሐያሲ ነበር፤ ሁለተኛው እኔው ራሴ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የራሴን አስተያየት በሌሎች አፍ ማስነገር ባሰኘኝ ቁጥር ያች ቃል ትታየኛለች።

ጀማሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚወድቁበት ሌላው ወጥመድ የማስተዋወቂያ መግለጫው ነው። አሳታሚው አልበሙን ከመውጫው ቀን አስቀድሞ ለሐያስያን ሲልክ፣ የት እንደተቀረጸ፣ ድምፃዊዋ በምን ሐዘን ውስጥ ሆና ግጥሙን እንደጻፈች፣ የትኛው አሮጌ ሲንተሳይዘር እንደተገኘ የሚተርክ ጽሑፍ አብሮ ይልካል። በአምስት ግምገማዎች ውስጥ «እስከ ዛሬ ከሠሩት ሁሉ እጅግ ግላዊው» የሚል ተመሳሳይ ሐረግ ስታገኙ፣ አምስት ሰዎች በየበኩላቸው የደረሱበት ፍርድ ሳይሆን ምናልባት ከአንድ ወረቀት የተቀዳ ቃል ነውና፣ መግለጫውን ፈልጋችሁ ከግምገማዎቹ ጋር ጎን ለጎን ሳታነብቡ «ሐያስያን ተስማምተዋል» ብላችሁ አትጻፉ።

ከማስታወቂያ ላይ ጥቅስ አትውሰዱ። በፖስተሩ ላይ «አስደናቂ» ተብሎ የተለጠፈው ቃል፣ ሙሉው ዓረፍተ ነገር ሲነበብ «አስደናቂ ከሆነው የመክፈቻ ዘፈን በኋላ አልበሙ ያንቀላፋል» የሚል ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የአድማጮችን ነጥብ ከሐያስያን ነጥብ ጋር አትደባልቁ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ፍርድ እንደ መጨረሻ ፍርድ መውሰድም ሰፊ ስህተት ነው፤ በተለይም አንድ ሙዚቀኛ ከሻካራው የኢንዲ ድምፅ ወደ ለስላሳው ፖፕ ሲሻገር፣ ሐያስያን ዘፈኖቹን ትተው «ክህደቱን» ሲገመግሙ ይታያሉ። አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ሊዝ ፌር እ.ኤ.አ. በ2003 በራሷ ስም የሰየመችውን፣ ለሬዲዮ እንዲመች ሆኖ የተቀናበረውን አልበም ስታወጣ የሙዚቃ ግምገማ ድረ ገጹ ፒችፎርክ ከ10 0.0 ሰጣት። ግምገማውን የጻፈው ሐያሲ በ2019 በይፋ ይቅርታ ጠየቃት፤ በ2021 ደግሞ ፒችፎርክ የቀድሞ ውጤቶቹን መልሶ ሲመለከት ለዚያው አልበም 6.0 ሰጠው። ዜማው ያው ነው፤ አንድም ኖታ አልተለወጠም። ስለ እንዲህ ያለ አልበም የሚጽፍ ሰው የትኛውን ዓመት አቀባበል እየተረከ እንደሆነ መናገር አለበት።

የቀን ነገር ከተነሣ፣ የዳግም ኅትመት ግምገማን ከመጀመሪያው ኅትመት ጋር የሚያምታቱ አሉ። የስኮትላንዶቹ ቤል ኤንድ ሴባስቲያን የመጀመሪያ አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1996 በ1000 የሸክላ ቅጂ ብቻ ወጥቶ፣ በስፋት የተሰራጨው በ1999 እንደገና ሲታተም ነው። የ1999 ሐያሲ የተቀበለው ዝናው የገነነ ባንድ እንጂ ማንም የማያውቃቸውን ወጣቶች አልነበረም።

በመጨረሻ የማነሣው ለብዙዎች ግልጽ ስለሚመስል ለመጻፍም ያሳፍራል፤ አልበሙን ሳይሰሙ ስለ አቀባበሉ መጻፍ ነው። ባለፈው ጊዜ አንድ ትጉህ ወጣት ያመጣልኝ ጽሑፍ፣ አንዱ ሐያሲ በሦስተኛው ዘፈን ላይ ያለውን የኤሌክትሮኒክ ከበሮ «የቀዘቀዘ» ሲለው ሌላው «ሆን ተብሎ የቀዘቀዘ» እንዳለው በጥንቃቄ ዘግቦ ነበር። «አንተስ ስትሰማው?» አልኩት፤ ዝም አለ። በማግስቱ አራት መስመር ጨምሮ ተመለሰ፤ የኤሌክትሮኒኩ ከበሮ እስከ መጨረሻው አዝማች ድረስ አይለወጥም፤ እዚያ ሲደርስ ድንገት ይቆምና በሰው እጅ የሚመታ ከበሮ ይተካዋል። ሁለቱም ሐያስያን ይህን አልጠቀሱትም ነበር።