የስዊድንኛ መስተጻምሮችን እንዴት እንጠቀም? ግሱንና «ኢንተ»ን እያዩ

ስዊድን በገባሁበት በመጀመሪያው ብርድ ለአለቃዬ በስልክ አንድ መልእክት ላክሁ፦ «ዳርፈር ያግ አር ሹክ፣ ያግ ኮመር ኢንተ።» ስለታመምኩ አልመጣም ማለቴ ነበር። የጻፍኩት ግን «ስለዚህ ታምሜያለሁ፣ አልመጣም» ሆኖ ቁጭ አለ፤ ያውም የቃላቱ ቅደም ተከተል ተዘበራርቆ።

የመስተጻምሮቹ ትርጉም ለእኛ ከባድ አይደለም። «ኦክ» እና፣ «ሜን» ግን፣ «ኤለር» ወይም ነው፤ በአንድ ከሰዓት ይሸመደዳል። የሚያስቸግረው ቃሉ ከኋላው ያለውን ዐረፍተ ነገር ምን እንደሚያደርገው ነው። በአማርኛ «ስለታመምኩ» ስንል «ስለ» ግሱ ላይ ተለጥፏል። ስዊድንኛ ግን መስተጻምሩን ብቻውን ከፊት ያቆመዋል።

መጀመሪያ ቃላቱን በሁለት ቅርጫት ለዩ። በአንደኛው «ኦክ»፣ «ሜን»፣ «ኤለር»፣ «ፈር» (ምክንያቱም)፣ «ሶ» (ስለዚህ) እና «ኡታን» ይግቡ። እነዚህ ጨዋ ናቸው፤ ከኋላቸው የሚመጣውን ዐረፍተ ነገር ምንም አይነኩትም። «ያግ ስታናር ሄማ፣ ፈር ያግ ሞር ኢንተ ብራ» ቤት እቀራለሁ፣ ምክንያቱም ደህና አይደለሁም ማለት ነው። አፍራሿ «ኢንተ» ከግሱ «ሞር» በኋላ እንደተቀመጠች ልብ በሉ።

በሁለተኛው ቅርጫት «ኤፍተርሶም» (ስለ)፣ «አት» (እንደ)፣ «ኦም» (ከሆነ)፣ «ናር» (ሲሆን)፣ «ኢናን» (በፊት) እና «ፋስት» (ቢሆንም) አሉ። ጥገኛ ሐረግ የሚመሩት እነዚህ ናቸው፤ እዚህ «ኢንተ» ከግሱ በፊት ትዘላለች፦ «ያግ ስታናር ሄማ ኤፍተርሶም ያግ ኢንተ ሞር ብራ።» ትርጉሙ ያው ነው፤ የተለወጠው የአንዲት ቃል ቦታ ብቻ። ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጠው ትምህርት፣ በኤስኤፍኢ፣ መምህራን ይህን ደንብ «ቢፍ» ይሉታል፤ «ቢሳትስ፣ ኢንተ፣ ፈረ፣ ፊኒታ» ከሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተሠራ ነው። በጥገኛ ሐረግ ኢንተ ከግሱ ትቅደም እንደማለት። ቢፍ በስዊድንኛ የሥጋ ጥብስም ስለሆነ ከአእምሮ አይጠፋም።

ቀጥሎ ጥገኛውን ሐረግ ወደ ፊት አምጡት። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ምክንያቱን ማስቀደም ስለለመድን ይህ ቅርጽ ቶሎ ቶሎ ያስፈልገናል፣ የምንሳሳተውም እዚሁ ነው። «ኤፍተርሶም ያግ ኢንተ ሞር ብራ፣ ስታናር ያግ ሄማ።» ሐረጉ በሙሉ እንደ አንድ ነገር ይቆጠርና የመጀመሪያውን ቦታ ይይዛል። ሁለተኛው ቦታ የግስ ነው፤ ስለዚህ «ስታናር» ባለቤቱን «ያግ»ን ይቀድማል። «ያግ ስታናር» ካላችሁ ሰው ይረዳችኋል፣ ግን ጆሮውን ይጎረብጠዋል።

አሁን ወደ እኔ ስሕተት። «ዳርፈር» ስለዚህ ማለት ሲሆን እውነተኛ መስተጻምር አይደለም፤ ተውሳከ ግስ ነው። ዐረፍተ ነገር ሲከፍት ግሱን ከኋላው ያስከትላል፦ «ዳርፈር ስታናር ያግ ሄማ።» «ሶ» ግን ትርጉሙ አንድ ሆኖ ሳለ «ሶ ያግ ስታናር ሄማ» ይላል። «ዳርፈር» ላይ «አት» ስትጨመር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ዳርፈር አት» ምክንያቱም ማለት ነው። እሱም ብዙውን ጊዜ ከዋናው ዐረፍተ ነገር በኋላ ነው የሚመጣው፤ ምክንያቱን ማስቀደም ከፈለጋችሁ «ኤፍተርሶም» ይሻላል።

«ሜን» እና «ኡታን» ሁለቱም ወደ «ግን» ይጠጋሉ። አንዱን ክዳችሁ በምትኩ ሌላውን ስትተኩ «ኡታን» በሉ፦ «ያግ ድሪከር ኢንተ ካፈ ኡታን ቴ»፣ ቡና ሳይሆን ሻይ እጠጣለሁ። ያው ቃል «ካፈ ኡታን ሶከር» ሲባል ደግሞ ያለ ስኳር ማለት ነው።

«ናር» እና «ኦም»ን አማርኛ ራሱ ይለያችኋል፦ «ስትመጣ ደውልልኝ» ከሆነ «ናር»፣ «ከመጣህ ደውልልኝ» ከሆነ «ኦም»።

«ኦክ» በንግግር «ኦ» ብቻ ሆና ትሰማለች። ከግስ ፊት የምትመጣዋ «አት»ም እንዲሁ፤ ስለዚህ ስዊድኖቹም ሲጽፉ ሁለቱን ያምታታሉ።

ለልምምድ አንድ ሐሳብ ያዙና በ«ፈር»፣ በ«ሶ»፣ በ«ዳርፈር» እና በ«ኤፍተርሶም» አራት ጊዜ ጻፉት። የእኔ መልእክት ዛሬ ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «ሄይ! ያግ ካን ኢንተ ኮማ ኢዳግ ኤፍተርሶም ያግ አር ሹክ።»