መኪናው ሐረጎ ላይ ጸጥ ሲል፦ የታይሚንግ ቤልት ችግርና መፍትሄ

ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክሻፍትና ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት የሚያገናኘው ባለጥርስ ቀበቶ፣ ታይሚንግ ቤልት፣ ሲበጠስ ጥፋቱ ሁልጊዜ የቤልቱ አይደለም። ዘይት የሚያንጠባጥብ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ)፣ የደከመ ኩሽኔታ ወይም ጥርሱ የተበላ ፑሌጃም (ቤልቱ የሚዞርበት ጎማ) ይገድለዋል። እነሱን ሳያዩ ቤልት ብቻ የሚቀይር ሰው ሳይቆይ ተመልሶ ጋራዥ ይገባል።

ሞተሩ በጉዞ ላይ ድንገት ጠፋ፤ ማስነሻው ሞተሪኖ ከወትሮው ቀለል ብሎ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

ቤልቱ ተበጥሷል ወይም ጥርሱ ተልጧል ማለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረዳችሁ ከሆነ ነፍስ ይቅደም። ማርሹን አታውጡ። መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን አትንቀሉ። ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬን አጋዡ ያጠራቀመው ጉልበት ለጥቂት እርግጫ ብቻ ነው። አንዴ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ዳር ውጡ፣ ጎማው ሥርም ድንጋይ አድርጉ።

ደሴ አካባቢ ቁልቁለት ስለማይጠፋ «ልቀቀውና ሁለተኛ ማርሽ አስገባለት፣ ይነሳል» የሚል ሰውም አይጠፋም። እባካችሁ እንዳትሰሙት። በሞተሪኖም ደጋግማችሁ አትሞክሩ። ዶልፊን ሚኒባስ ላይ ባለው 5ኤል የናፍጣ ሞተር ካምሻፍቱ ሲቆም ክፍት የቀረውን ቫልቭ ፒስተኑ ይመታዋል። በዞረ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል።

የላይኛውን የቤልት ክዳን ፈትታችሁ አረጋግጡ። ናፍጣ ከሆነ አዲሱ ቤልት ከታሰረ በኋላ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይለካ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መውረዱ አይቀርም። በቆየው የኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ግን ፒስተኑ ቫልቭ ጋ ስለማይደርስ ብዙ ጊዜ ቤልት መቀየር ይበቃል።

ይነሳል፣ ግን አስቸግሮ ነው፤ ጉልበቱም ጠፍቷል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ መኪና ትንሽ ቢደክም አይገርምም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይም ያው ከሆነ ግን ሰበቡ ከፍታው አይደለም። መጀመሪያ ርካሹን ፈትሹ፦ የአየርና የነዳጅ ፊልትሮ። እነሱ ደህና ከሆኑ ቤልቱ ጥርስ ዘሎ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥርስም ቢሆን ብዙ ነው።

ቤልት የሚዘለው ሲላላ ነው። ቤልቱን የሚወጥረው ቴንሽነር የደከመበት መኪና ዳገት ላይ በማርሽ ብቻ ቆሞ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል፤ ያኔ መዝለል ይቀለዋል። በእጅ ፍሬንና በድንጋይ አቁሙት። የዘለለውን ቤልት ደግሞ መልሶ ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ ቴንሽነሩም ይቀየር።

ከሞተሩ ፊት ይጮኻል፣ ወይም ከቤልት ክዳኑ ሥር ዘይት ይታያል

ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ የቴንሽነር ኩሽኔታ ነው። በእጅ ሲዞር ከሻከረ ይቀየር። ዘይቱ ከካምሻፍት ወይም ከክራንክሻፍት ኦይል ሲል ነው። ዘይት የነካውን ቤልት ጠርጋችሁ አትመልሱት።

አዲሱ ቤልት ጠርዙ ተበላ

እዚህ ላይ ነው ፑሌጃዎቹ በደንብ መታየት ያለባቸው። ጥርሶቹን በጣት ዳስሱ። ጫፋቸው የሾለ፣ ወደ አንድ ጎን የተበላ ወይም በዝገት የሻከረ ከሆነ አዲሱን ቤልት እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቤልቱ ወደ ዳር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ፑሌጃው ተጣሟል፣ ቴንሽነሩ ዘንበል ብሏል ወይም ቤልቱን የሚይዘው ክብ ቆርቆሮ ተረስቷል። የክራንክሻፍቱ ፑሌጃ በመዶሻና በፓሌቶ ሳይሆን በመንቀያ ይውጣ። የሚይዘው ትንሽ የብረት ቁልፍ የተላጠ ከሆነ ምልክቱ በትክክል ገጥሞ እንኳ ሞተሩ ይዛባል።

ክዳኑንም መልሱ። «ሳይኖርም ይሠራል» ብለው ቡሎኑን የሚያስቀሩ አሉ። አቧራና ጠጠር በዚያ ገብቶ ቤልቱንም ፑሌጃውንም ይጨርሳል።

ሲታሰር

ባትሪው ይነቀል። አንደኛው ፒስተን እስከ ላይኛው ጫፍ ወጥቶ የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ ምልክት ይግጠም። በ5ኤል ላይ የናፍጣ ፓምፑ ፑሌጃም የራሱ ምልክት አለው፤ እሱ ከተረሳ ሞተሩ ያጨሳል ወይም ጨርሶ አይነሳም። ቴንሽነሩ ቤልቱን ከወጠረ በኋላ ክራንኩን በመፍቻ፣ በእጅ፣ በመዞሪያው አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ካሙ አንዴ ይዞራልና ምልክቶቹ ሁሉ ቦታቸው መመለስ አለባቸው። መሀል ላይ ጠንከር ያለ ነገር ከያዘው አታስገድዱት፤ ቫልቭ ነው። መካኒኩ ይህን ሳያደርግ ሞተሪኖ ሊመታ ሲል አስቁሙት፣ ቅር አይበላችሁ።

ዕቃው ደሴ ከጠፋ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ይላካል። የአሮጌውን ቤልት የጥርስ ብዛትና ስፋት ቆጥራችሁ ላኩ። የመጣው ቤልት ታጥፎ ወይም በገመድ ተጠፍሮ ከሆነ መልሱት፤ ውስጡ ያለው ክር ሲሰበር ከውጭ አይታይም።

ለ5ኤል የተለመደው መቀየሪያ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቪትዝ የያዛችሁ ሰንሰለት ስለሆነ ይህ አይመለከታችሁም። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት። ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት ካለውም ከሥራው በኋላ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ እንዲጀምር አስደርጉ።