የአማተር ሬድዮ ጣቢያችሁ "እምምም" ሲል እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

መጀመሪያ ጩኸቱ ከየት እንደሚገባ ሳያውቁ ዕቃ መግዛት። አንቴናውን ከሬድዮው ንቀሉት በቃ። አብሮ ከጠፋ በአንቴና የገባ ነው፣ እዛው ካለ ደግሞ ከፓወር ሰፕላዩ ወይ ከኬብሎቻችሁ ነው። ይቺን ሳይሞክር ፌራይት (ኬብል ላይ የሚገባ ጩኸት ማፈኛ ቀለበት) ሊገዛ የሚሮጥ ሰው ሳይ ብሩ ያሳዝነኛል። ወፍራም የ50 ኸርዝ እምምም ከሆነ ብዙ ጊዜ ግራውንድ ሉፕ ነው፣ የተያያዙ ዕቃዎች ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ከመሬት ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር ዙር ማለት ነው። ቀጠን ያለ የ100 ኸርዝ ዝዝዝ ከሆነ ግን የሊኒየር (ከባድ ትራንስፎርመር ያለው) ፓወር ሰፕላዩን ማጣሪያ ካፓሲተሮች ጠርጥሩ፣ አርጅተው ይሆናል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፣ ኧርዝ (የመሬት ሽቦውን) መቁረጥ። ልጁ ለኤፍቲ8 (በኮምፒውተር ለሚላክ አጭር መልዕክት) ብሎ ዴስክቶፑን ከሬድዮው ጋር ያገናኛል፣ የሚልከው ድምፅ እምምም ይላል፣ የሆነ ሰው "የኮምፒውተሩን ኧርዝ አጥፋው" ይለዋል፣ ያጠፋዋል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ተገላገልኩ ብሎ ይቀመጣል። ኧረ አልተገላገልክም ወንድሜ! የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከፌዙም ከኒውትራሉም ወደ ኬዙ የሚሄዱ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፣ ኧርዝ ሲቆረጥ ኬዙ የ220ውን ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ይዞ ይቀመጣል። ኬዙን ስትነኩ የሚነዝራችሁ እሱ ነው። ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በመንዘር ያልፋል፣ ግን ውስጥ ያለ ፌዝ ተልጦ ኬዙን የነካ ቀን ብሬከሩን የሚጥለው ነገር የለም፣ መንገዱ በሰው አካል ነው። አንድ ልጅ በአንድ እጁ የማይኩን ብረት ይዞ በሌላው ኬዙን ደግፎ ሲነዝረው ማይኩን ወርውሮ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በደህና ነው ያለፈው፣ ግን እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

መፍትሄው ርካሽ ነው። በገቢውም በወጪውም የድምፅ ገመድ ላይ 600 ኦም፣ 1 ለ 1 የሆነ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ድምፁን አሳልፎ ሽቦዎቹን የሚለያይ) አስገቡ፣ ሬድዮውንም ኮምፒውተሩንም ከአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ዲቫይደሩም ሶኬቱም ኧርዝ ያለው ይሁን፣ የኧርዝ ጆሮ ስላለው ብቻ አትመኑት፣ ብዙ ቤት ከኋላው ሽቦ የለም፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስለኩ። ለአንቴና የተቀበረ ዘንግ ካለም ከቤቱ ኧርዝ ጋር ይገናኝ፣ ለየብቻ አይተዉ።

ስትልኩ ብቻ የሚመጣውን ችግር ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። ድምፃችሁ ይቆራረጣል፣ ማውሱ ይደርቃል፣ ዩኤስቢው ይለቃል፣ ይሄ አርኤፍ (የምትልኩት የሬድዮ ሞገድ) በኮአክሱ፣ በአንቴናው ኬብል፣ ላይ ተመልሶ ክፍል ውስጥ ሲገባ ነው። የምትልኩበትን ኃይል ከ100 ዋት ወደ 10 አውርዱት፣ ከጠፋ እሱ ነው። በተለይ ኤንድ ፌድ አንቴና (ጫፉ ላይ ኬብል የሚገባበት ሽቦ) ያለ ካውንተርፖይዝ፣ ያለ መመለሻ ሽቦ፣ የሰቀላችሁ! አንድ ክሊፕ ፌራይት አድርጎ "አልሰራም" ማለትም አያስኬድም፣ ኤችኤፍ (አጭር ሞገድ) ላይ ኬብሉ አንዴ ብቻ ካለፈ ምንም አይፈይድም ማለት ይቻላል። ኤፍቲ240-31 የሚባለው የፌራይት ቀለበት ላይ ቀጭን ኮአክስ 10 ዙር ገደማ ጠምጥሙ፣ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ማፈኑ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

በአንቴና ለሚገባው ኖይዝ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብሎ መማረር ትልቅ ስህተት ነው። ከዛ የተሻለ መፈተሻ የለም! ሬድዮውን በ12 ቮልት ባትሪ አብሩና 7 ሜጋኸርዝ ላይ አዳምጡ፣ ኢንቨርተር ግን እንዳታበሩ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ይረብሻሉ። ሰፈሩ ጨልሞ ሬድዮው ጸጥ ካለ ጥፋተኛው መብራት ላይ የተሰካ ዕቃ ወይም መስመሩ ራሱ ነው፣ የእናንተ ይሁን የጎረቤት ደግሞ መብራት ሲመጣ የራሳችሁን ብሬከር አጥፍታችሁ ትለዩታላችሁ። ካበራችሁ በኋላ ዕቃ በዕቃ ሰኩ፣ ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ የሶላር ኮንትሮለር፣ ከነዚህ አንዱ አይጠፋም። ትንሽ ትራንዚስተር ሬድዮ ሚዲየም ዌቭ ላይ አድርጋችሁ ቤቱን ዙሩ፣ ዕቃው ጋ ስትደርሱ ይጮኻል።

ዝናብ ሲዘንብ የሚቀንስ ዝዝታ ከሆነ ምሰሶ ላይ የላላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ምሰሶውን አትንኩ፣ አትምቱ፣ ለመብራት ኃይል አመልክቱ።

ሲጨንቃቸው የሬድዮውን ኖይዝ ብላንከር (ጩኸት መቁረጫ) እና ፕሪአምፕ (የሚገባውን ማጉያ) አንድ ላይ የሚከፍቱም አሉ። ሁለቱንም አጥፉና የኤስ ሜትሩን (የሚገባውን ጥንካሬ የሚያሳየውን) ቁጥር ጻፉ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ እንደገና ጻፉ። አንድ ኤስ 6 ዴሲቤል ነው፣ ከኤስ7 ወደ ኤስ4 ከወረደ ቅድም ያልነበሩ ጣቢያዎች ይሰማሉ።