ማሽን ወይስ ፈንክሽናል? የጡንቻ ስፖርት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ወገቤን ያመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል" ብሎ ጂም የሚገባ ሰው በዝቷል። ገና በሩን ሳያልፍ ሁለት ዓይነት ምክር ይጠብቀዋል። አንዱ "ማሽን ላይ ተቀመጥ፣ አስተማማኙ እሱ ነው" ይለዋል። ሌላው "ማሽን ጊዜ ማባከን ነው፣ ፈንክሽናል ሥራ" ይለዋል። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ግን አንዳቸውም "ለመሆኑ ሰውነትህ የጎደለው ምንድን ነው?" ብለው አይጠይቁትም።

የተለመደው የክብደት ስፖርት አንድን ጡንቻ ወይም አንድን የሰውነት ክፍል ለይቶ ያሠራል። ተቀምጦ እግር መዘርጋት፣ ሌግ ፕረስ (ጀርባን ተደግፎ ክብደትን በእግር መግፋት)፣ በማሽን ደረት መግፋት እዚህ ውስጥ ናቸው። ፈንክሽናል የሚባለው ደግሞ በየቀኑ የምናደርገውን እንቅስቃሴ ክብደት ጨምሮ መለማመድ ነው። ቁጭ ብሎ መነሳት፣ ከመሬት ማንሳት፣ ተሸክሞ መሄድ፣ መጎተት፣ መዞር። ሰው የሚሳሳትባቸውን ነገሮች ደጋግሜ ስለማይ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

1. ሁለቱን እንደ ባላንጣ ማየት

አርተር ጆንስ ናውቲለስ የተባሉትን ማሽኖች አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ጂም ማለት በረድፍ የተደረደረ ማሽን ሆነ። በኋላ ነገሩ ተገለበጠና ማሽን እንደ ጠላት ይታይ ጀመር። ሁለቱም ጽንፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ማሽንንና ነጻ ክብደትን (ከማሽን ጋር ሳይያያዝ በእጅ የሚነሳውን) ያነጻጸሩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንተና ታትሟል። በጡንቻ መጠን እድገት ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘም። በጥንካሬ ግን የሚገርም ነገር አለ። ሰዎቹ በነጻ ክብደት ሲለኩ በነጻ ክብደት የሠሩት በልጠው ተገኙ። በማሽን ሲለኩ ያ ብልጫ ጠፋ። ሰው የሚበረታው በተለማመደው ነገር ላይ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከሰውየው ነው። ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ አንድ ጭኑ የሟሸሸበት ሰው ማሽን ላይ ተቀምጦ ያንን ጡንቻ ለይቶ ቢያሠራ ትልቅ ጥቅም ያገኛል። ጡንቻ እያለው ልጁን ከመሬት ሲያነሳ ወገቡን የሚይዘው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ዳሌው፣ ሆዱና ጀርባው አብረው መሥራት አልለመዱም። ሌግ ፕረስ ላይ ተደግፎ 150 ኪሎ መግፋት ይህን አያስተምረውም።

2. ኳስ ላይ መንገዳገድን ፈንክሽናል ብሎ መጥራት

በቲክቶክ የሚታየው ይኸው ነው። ግማሽ ኳስ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ትንሽ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ክብደት) ከፍ ዝቅ ማድረግ። ከባድ ይመስላል፤ ላብም ያወጣል። ጥንካሬ ግን ብዙ አይጨምርም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰውነት እንዳይወድቅ ሲጠነቀቅ ጉልበቱን አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች ትልቅ ኳስ ላይ ተንጋልለው ደረት ሲገፉ የሚያወጡት ኃይል በአግዳሚው ላይ ከሚያወጡት ወደ 60 በመቶ ያህል እንደሚያንስ አሳይቷል። ቁርጭምጭሚቱ ተወልሞ እያገገመ ላለ ሰው እንዲህ ያለው ልምምድ ቦታ አለው። ለሌላው ግን ዋና ሥራ ሊሆን አይገባም።

ኑሯችንንም እንይ። እኛ የምንቆምበት መሬት ጽኑ ነው። የሚንቀሳቀሰው ሸክሙ ነው። ውሃው የሚናወጥ ጀሪካን፣ የሚንፈራገጥ ሕፃን፣ በአንድ ወገን የከበደ ዘንቢል። ልምምዱም እንደዚያው ይሁን። እግር መሬት ይርገጥ፤ ክብደቱ ይፈትን።

3. ለወራት አንድ ዓይነት ክብደት ማንሳት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። የማሽኑም የፈንክሽናሉም ሰው እኩል ይሠራዋል። ጥር ላይ 10 ኪሎ ያነሳ የነበረ ሰው ሰኔም ላይ 10 ኪሎ ያነሳል። ከዚያ "ስፖርት አልሠራልኝም" ብሎ ይተዋል።

ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ቺካጎ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ይሠራ ነበር። በጊዜው የተጎዳ ጉልበት ያላቸው ወታደሮች የሚታዘዝላቸው ቀላል ክብደት ብዙ ጊዜ ማንሳት ነበር። እሱ ይህን ገለበጠው። ከበድ ያለ ክብደት ጥቂት ጊዜ ያስነሳቸው፣ ሲለምዱት ይጨምርባቸው ጀመር። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። ዛሬ በጂምም በፊዚዮቴራፒም የምንከተለው ቀስ በቀስ የመጨመር መንገድ ብዙውን መሠረቱን ከዚያ ያገኘ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማንሳት የሚችሉትን ክብደት ይምረጡ። መጨረሻ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ መጨመር የሚያስችል አቅም ሊቀርዎት ይገባል። አምስት ከቀረዎት ክብደቱ ቀልሏል። በሁለት ተከታታይ ልምምድ 12 ከሞሉ በትንሹ ይጨምሩ።

ጂም መክፈል ለማይችል ሰው ጀሪካን አለ። ቀልድ አይደለም፤ ግሩም መሣሪያ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ልኩን በትክክል ያውቁታል። ባለ 20 ሊትሩን 8 ሊትር ሞልተው ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ አንድ ሊትር ይጨምሩ። ሁለት ጀሪካን በሁለት እጅ ይዞ ግቢ ውስጥ መመላለስ ትከሻን፣ ሆድን፣ ዳሌን፣ ባትን ሁሉ ያሠራል። አንድ ብቻ በአንድ እጅ ሲይዙ ደግሞ ወገብ ወደ ጎን እንዳይታጠፍ ይታገላል። ያ ትግል ለወገብ ትልቅ ልምምድ ነው። እጀታው ጣት ከቆረጠ ጨርቅ ይጠቅልሉበት። እጅ መቀየርን እንዳይረሱ።

4. "ሥራዬ ራሱ ስፖርት ነው" ማለት

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ የምታወጣ ሴት "ምን ጂም ያስፈልገኛል?" ብትል አይፈረድባትም። አረብ አገር ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ እህታችንም፣ አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ካርቶን የሚያነሳ ወንድማችንም እንዲሁ ይላሉ። እውነትም ይደክማሉ። ግን ድካም ሁሉ ሥልጠና አይሆንም።

ሥራ ሸክሙን የሚወስነው በእርስዎ አቅም አይደለም። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ ያስደጋግማል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን፣ በተጎነበሰ ወገብ፣ ያለ በቂ እረፍት። ልምምድ ግን መጠን አለው። ይከብዳል፣ ያበቃል፣ ከዚያ ሰውነት አርፎ ይጠነክራል።

እንዲህ ላለ ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን መድገም ብዙ አይጠቅመውም። ሲገፋና ሲያነሳ የሚውል ሰው መጎተት ይለማመድ። ላስቲክ በር ላይ አስሮ ወደ ሆዱ ይሳብ፤ ወይም ማሽን ላይ እንደ ቀዛፊ ይጎትት። እዚህ ጋ ማሽን እንዲያውም ይመረጣል ባይ ነኝ። የደከመ ወገብ ተደግፎ ሲያርፍ ጀርባና ትከሻ ብቻቸውን ይሠራሉ። ቀኑን ወንበር ላይ ተቀምጦ ወይም መሪ ይዞ ለሚውለው ሰው ግን ምክሬ ተቃራኒ ነው። እሱ ይነሳ። ጂም ሄዶም መልሶ ተቀምጦ ከሚሠራ ቆሞ፣ ተሸክሞ፣ ከመሬት አንስቶ ቢሠራ ይሻለዋል።

5. ለእናትና ለአባት "ቀስ በሉ" ብቻ ማለት

እማማ ዕቃ ሊያነሱ ሲሉ "ኧረ ይተዉት፣ እኔ አነሳዋለሁ" እንላለን። ከፍቅር ነው፤ ባህላችንም ነው። ግን ሁሉን ከእጃቸው ስንቀማ ጡንቻቸውንም አብረን እንቀማለን።

እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ 10 ደካማ ሰዎች ከበድ ያለ የጭን ልምምድ ጀመሩ። ዕድሜያቸው እስከ 96 ዓመት ነበር። ከስምንት ሳምንት በኋላ የጨረሱት ሰዎች የእግር ጥንካሬ በአማካይ 174 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሁለቱ ያለ ምርኩዝ መሄድ ቻሉ። ልብ ይበሉ፤ የሠሩት ተቀምጦ እግር መዘርጋትን ነው። ፈንክሽናል ወዳጆች የሚንቁትን ያንኑ እንቅስቃሴ።

ሌላው ወገንም ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 98 ሴቶችን አሳትፏል። አንዱ ቡድን በክብደት፣ ሌላው የቤት ውስጥ እንቅስቃሴዎችን እያከበደ ለ12 ሳምንት ሠራ። በዕለት ተዕለት ሥራ የተሻሉት ሁለተኞቹ ናቸው። የጡንቻ ኃይል የጨመሩት ደግሞ በክብደት የሠሩት ናቸው።

እኔ ከሁለቱ የማገኘው ይህ ነው። መነሳት ያቃተው ሰው መጀመሪያ ኃይል ያስፈልገዋል። ኃይል ሲያገኝ ደግሞ በዚያ ኃይል መነሳትን ይለማመድ። ቤት ውስጥ በጠንካራ ወንበር ይጀምሩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ካልቻሉ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት። ከቻሉ ትራሱን ያንሱ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ማፍላት እንዳይቀርባቸው የሚያደርገው ይህ ነው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ሲያነሱ ትንፋሽ አይያዙ።

6. ማሽኑን ሳያስተካክሉ መቀመጥ

ከእርስዎ በፊት የተቀመጠው ሰው ረጅም ሊሆን ይችላል። እግር በሚዘረጉበት ማሽን ላይ ጉልበትዎ ከማሽኑ መዞሪያ ጋር በአንድ መስመር መሆን አለበት። ካልሆነ ክብደቱ መገጣጠሚያውን ያለ አግባቡ ይጫነዋል። መቀመጫውን ለማስተካከል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

7. ህመምን አለመለየት

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ይጠቀሳል። 30 ሰዎች፣ 16 ሳምንት። አንዱ ቡድን መስመሩ ቋሚ በሆነ ማሽን፣ ሌላው እንደ ልብ በሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ሠራ፤ ሦስተኛው ምንም አልሠራም። በነጻነት የተንቀሳቀሱት በጥንካሬም በሚዛን መጠበቅም በለጡ። ህመማቸው 30 በመቶ ቀነሰ፤ የቋሚ ማሽኑ ቡድን ህመም ግን ጨመረ።

ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ግን በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ያሉት ሰዎች ጥቂት ናቸው። "ማሽን ያሳምማል" ብሎ ለመፍረድ አይበቃም። እኔ የምወስድለት ይህን ነው፦ አንድ ማሽን ላይ ሁልጊዜ የሚያምዎት ከሆነ ታግሎ መቀጠል አያስፈልግም። ያንኑ ጡንቻ በኬብል (ክብደቱ በገመድ በሚጎተት መሣሪያ) ወይም በዳምቤል ይሞክሩት። ክንድ የራሱን መንገድ ሲመርጥ ብዙ ትከሻ ይረጋጋል።

ከስፖርት ማግስት ጡንቻ ላይ የሚሰማ ድፍን ያለ ህመም ያለ ነው። በሁለተኛው ቀን ገደማ ይብስና ይጠፋል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ፣ እንቅስቃሴ የሚያስቆም ህመም ግን ሌላ ነው፤ ክብደቱን ይቀንሱ። ከወገብ ተነስቶ ወደ እግር የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ህመም ካለ ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸት መፍትሔ አይደለም፤ ሐኪም ይየው። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ለነገ አይባልም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

8. ቅደም ተከተሉን መገልበጥ

ብዙ ሰው ማሽኖቹ ላይ ከተዳከመ በኋላ "ለማሳረጊያ" ከመሬት ክብደት ያነሳል። የደከመ ጀርባ ቅርጹን አይጠብቅም። ጥንቃቄ የሚፈልገው መጀመሪያ ይሠራ፤ ተደግፈው የሚሠሩት በኋላ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። ከ65 ዓመት በላይ ላሉት ሚዛንና ጥንካሬን የሚያጣምር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይጨምራል። ሁለቱ ቀን እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ሰውነት ካሟሟቁ በኋላ ዳምቤል ደረት ላይ ይዞ ስኳት (ቁጭ ብሎ መነሳት)፣ ከዚያ ዴድሊፍት (ክብደት ከመሬት ማንሳት)፣ ከዚያ ተሸክሞ መሄድ። ቀጥሎ ወደ ማሽን ይሂዱ፤ እግር ማጠፍ፣ ከላይ ወደ ታች መሳብ፣ ደረት መግፋት። ለእያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ዙር። በሁለቱ ቀናት መካከል ቢያንስ አንድ የእረፍት ቀን ይኑር።