ልጆቹ ሳይሆኑ ሻንጣዎቹ ናቸው የመጡት፦ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱንና ግሱን ለማግኘት

ባሕር ዳር የጀልባ አስጎብኚ ነኝ። እንግሊዝኛዬን የለቃቀምኩት ከወደቡ ነው፤ ከሰው አፍ እንጂ ከደብተር አይደለም። ስናገር አላፍርም። ሳነብ ግን ጉድ ሆኜ አውቃለሁ።

አንድ ጊዜ ከእንግዳ እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰኝ፦ «ዘ ባግስ ኦቭ ዘ ማን ዊዝ ቱ ችልድረን አር ካሚንግ ባይ ካር።» ዓይኔ «ችልድረን አር ካሚንግ» ላይ ተተከለ። ልጆቹ በመኪና ሊመጡ ነው ብዬ ብስኩትና ጁስ ገዝቼ ሆቴሉ በር ላይ ተገተርኩ። መኪናው መጣ። ሹፌሩ አራት ሻንጣ አውርዶ ሄደ። ሰውዬውና ልጆቹ ለካ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ሰው ይጠብቃሉ። ብስኩቱን እኔው በላሁት።

ምን ነካኝ? እኛ ስናወራ ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ ነው የምናመጣው። «የሁለቱ ልጆች አባት ሻንጣዎች» እንላለን፤ ልጆቹም አባትየውም ቀድመው ያልፋሉ፣ ሻንጣው ይከተላል። እንግሊዝኛ ግልብጥ ነው። ሻንጣውን መጀመሪያ ይጥልና የቀረውን እንደ ጭራ ከኋላው ያስጎትታል። ስለዚህ ከግሱ አጠገብ የተቀመጠውን ስም ሁሉ ባለቤት ነው ያለ ሰው እንደኔ ብስኩት ይዞ ይቀራል።

አሁን የጎረቤቴን ልጅ አስጠናለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። መጀመሪያ ያስተውኳት ነገር ባለቤቱን ቀድሞ መፈለግን ነው። ግሱን አስቀድሚ አልኳት። ግስ ጊዜ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል፤ ስም አይቀየርም። «ዘ ፊሸርማን ሴልስ ፊሽ ኤቭሪ ሞርኒንግ» የሚለውን ውሰዱ። ወደ ትናንት ውሰዱት፤ «ሴልስ» ወደ «ሶልድ» ይዞራል። ዓሣ አጥማጁ እዚያው ነው፣ ዓሣውም እዚያው። እንግዲህ ግሱ «ሴልስ» ነው። ቀጥሎ «ማነው የሚሸጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓሣ አጥማጁ። አለቀ።

ልጅቷ ግን ቀላል አይደለችም። «‹ፊሽ› ራሱ ግስ አይሆንም እንዴ?» አለችኝ። ይሆናል! «ዘይ ፊሽ ኢን ዘ ሌክ» ቢባል ትናንት ላይ «ፊሽድ» ይሆናል፤ ስለዚህ እዚህ ግስ ነው። የቃሉን መልክ አትመኑ፣ ሥራውን እዩ። «ካት» እና «ፑት» የመሳሰሉት ደግሞ ትናንት ላይ መልካቸው አይለወጥም። እነሱን ወደ ነገ ውሰዷቸው። «ዊል» የሚገባው ከፊታቸው ነውና በዚያ ይያዛሉ።

ያፋጠጠን የታንኳው ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ዘ ታንኳ ሜድ ኦቭ ፓፒረስ ፍሎትስ ዌል።» ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ጥሩ ትንሳፈፋለች ነው ነገሩ። ልጅቷ ፈጠን ብላ «ሜድ» ላይ አሰመረች። ሠራ ማለት ነዋ፣ ግስ ይመስላል። ወደ ነገ ውሰጂው አልኳት። ደብተሯ ላይ «ዘ ታንኳ ዊል ሜክ» ብላ ጻፈችና «ታንኳዋ ራሷ ሠሪ ልትሆን ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ «ፍሎትስ»ን ሞከረች፤ «ዊል ፍሎት» ብሎ ቁጭ አለ። «ሜድ ኦቭ ፓፒረስ» ታንኳዋ ከምን እንደተሠራች ይነግረናል እንጂ የዓረፍተ ነገሩ ግስ አይደለም። በአማርኛው እኮ «የተሠራችው» ላይ ዓረፍተ ነገሩ አይዘጋም፤ ጆሯችን «ትንሳፈፋለች»ን ይጠብቃል።

ባለቤቱ ሲጠፋባችሁ ጭራውን ቁረጡ። ጭራ የምለው በ«ኦቭ»፣ በ«ኢን»፣ በ«ኦን»፣ በ«ዊዝ»፣ በ«ፍሮም» የሚጀምረውን ነው። እኔ በእርሳስ ቅንፍ ውስጥ አስገባዋለሁ። «ዘ ቸርች ኢን ዘጌ ሃዝ ኦልድ ፔይንቲንግስ» ላይ «ኢን ዘጌ» ቅንፍ ውስጥ ገባ፤ የቀረው ቤተ ክርስቲያኗ ናት። «ዋን ኦቭ ዘ ቦትስ ኢዝ ብሮክን» ላይም ጀልባዎቹን ቅንፍ ውስጥ ስታስገቡ «ዋን» ብቻውን ይቀራል። የተበላሸችው አንዷ ናት፤ ለዚህ ነው «አር» ያልሆነው። የኔን መልእክት እንደዚህ ብቆርጠው ኖሮ «ዘ ባግስ አር ካሚንግ» ብቻ ይተርፍ ነበር።

ሌላ የሚያሳስተን ነገር አለ። እኛ «መጣች» ብለን ዝም ማለት እንችላለን፤ ማን እንደመጣች ግሱ ራሱ ተሸክሞታል። እንግሊዝኛ «ሺ» ካላለ አይሆንለትም። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ሠሪ ቢያጣ «ኢት ኢዝ ሬኒንግ» ብሎ «ኢት»ን ቦታ ያስይዛል። ባለቤት የሚዘለው በትእዛዝ ነው፦ «ሲት ዳውን!» ሲባል የሚቀመጠው የተነገረው ሰው ነው፣ «ዩ» ተደብቋል። በ«ዜር» የሚጀምር ሲመጣ ደግሞ አሻግራችሁ እዩ። «ዜር አር ሜኒ አይላንድስ ኢን ሌክ ጣና» ላይ ባለቤቱ ከ«አር» በኋላ ያሉት ደሴቶች ናቸው። ጥያቄ ከሆነ ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር መልሱትና ከላይ እንዳልኩት ፈልጉ።

ግስ ላይ «ኢንግ» ሲቀጠልበት ብቻውን የዓረፍተ ነገሩ ግስ አይሆንም፤ እንደ «ኢዝ»፣ «አር» ወይም «ዋዝ» ያለ ቃል ሊያግዘው ይገባል። ይህን ያስተማርኳት ሐይቁ ዳር ነው፣ «ኖ ስዊሚንግ» የሚል ቦርድ ሥር ቁጭ ብለን። ባለቤቱን ፈለገች፣ የለም። ግሱን ወደ ትናንት ልትወስድ ሞከረች፣ የሚሄድ ነገር የለም። «ታዲያ ማነው የማይዋኘው?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ከቦርዱ ጀርባ ሦስት ልጆች ተንደርድረው ውሃው ውስጥ ዘለሉ።