ቼንግዱ ላይ «ነ» እና «ለ»ን በአልትራሳውንድ ሲያጠኑ የሚሠሩ ስህተቶች

በቻይናዋ ቼንግዱ «ናን» ማለት ደቡብ፣ «ላን» ማለት ሰማያዊ ነው። በአገሬው አነጋገር ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ቼንግዱ የምትገኝበት የቻይንኛ ዘዬ፣ ደቡብ ምዕራብ ማንዳሪን፣ በብዙ ቦታ «ነ» እና «ለ»ን ቀላቅሏል። ይህን ለማጥናት፣ የምላሱ ቅርጽ እንዲታይ አልትራሳውንድ አገጭ ሥር ይደረጋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ መሳሳቻውም ብዙ ነው።

ትልቁ ስህተት መሣሪያው የማያየውን እንዲያሳይ መጠበቅ ነው። እስቲ አፍንጫዎን ይያዙና «ንንን» ይበሉ። ወዲያው ይታፈናል። አሁን «ልልል» ይበሉ። እንደ ልብ ይወጣል። የምላስዎ ጫፍ ግን ሁለቴም ያው ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ነው። ለ«ነ» ለስላሳው ላንቃ (የአፍ ጣሪያ የኋላ ክፍል) ወርዶ አየሩን ወደ አፍንጫ ይለቃል። ለ«ለ» የምላስ ጎን ዝቅ ይላል። የአልትራሳውንድ ሞገድ ደግሞ አየር ሲያገኝ ይመለሳል፤ የዚያን ላንቃ መውረድ አያሳይም። የምላሱን መሀል ብቻ በሚያሳየው በተለመደው የጎን ምስል ሁለቱ ድምፆች መንታ ስለመሰሉ ብቻ «ተዋህደዋል» ብሎ መጻፍ ጉድ ያፈላል። መሣሪያውን 90 ዲግሪ አዙረው የምላሱን ጎኖች ይዩ። የአፍንጫውን አየር ለብቻው ይለኩ።

ኤምአርአይ ላንቃውን ያሳያል። ሰውየው ግን ተንጋሎ፣ በማሽን ጩኸት መሀል ነው የሚያወራው፤ ምላሱም ወደ ጉሮሮው ይሳባል። ቁጭ ብሎ ከተቀዳ ምስል ጋር በደፈናው አያወዳድሩት።

ሌላው ቃሉን ጽፎ ማስነበብ ነው። የቻይና መንግሥት ፑቶንግኋን፣ ማለትም ብሔራዊውን መደበኛ ቻይንኛ፣ በይፋ ማስፋፋት የጀመረው በአውሮፓውያኑ 1956 ነው። የተማረ ሰው ጽሑፍ ሲያይ የክፍል አነጋገሩ ይመጣበታል፤ እርስዎ የቼንግዱን ፈልገው ፑቶንግኋ ቀድተው ይመለሳሉ። ሥዕል ያሳዩ። ጠያቂውም የአገሩ ልጅ ይሁን። አንዴ ብቻ አስብሎ ማለፍም አያዋጣም፤ ያው ሰው ያንኑ ቃል አንዴ በ«ነ»፣ አንዴ በ«ለ» ሊለው ይችላል።

ወጣቱ ሁለቱን ለይቶ ከተናገረስ? የሰፈሩ ድምፅ በራሱ ተለወጠ ለማለት አይቸኩሉ። ከትምህርት ቤት ያመጣው ሊሆን ይችላል።

መሣሪያውን በእጅ ይዞ መቅዳት ደግሞ ይቅርብዎ። ትንሽ ከተንሸራተተ ምላሱ ቅርጹን የቀየረ ይመስላል። ራስ ላይ የሚታሰር መያዣ አለ።

በመጨረሻ፣ የአያትን የምላስ መስመር በልጅ ልጅ መስመር ላይ ደርበው «ተለወጠ» አይበሉ። የአፋቸው ልክ እኮ ይለያያል። በእያንዳንዳቸው አፍ ውስጥ «ነ» ከ«ለ» ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩ፤ የሚወዳደረው ያ ርቀት ነው።